አሥራ ስድስት ብሎኖችና አንዲት እናት

ታላቅ ወንድሜ ላስ ቬጋስ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ቀን ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ በር፣ ጣሪያና መስታወት የሌላት መኪና ሥር ይተኛል። ባለፈው ጥር የዓመት ፈቃዴን ይዤ ልጠይቀው ስሄድ፣ እናታችን አስጭና የላከችለትን በርበሬና ሽሮ እንኳ በወጉ ሳይቀበለኝ "ነይ፣ መጀመሪያ እሷን ላሳይሽ" ብሎ እጄን ጎተተኝ።

"እሷ" ባጊ ናት። ከብረት ቱቦ የተበየደ አጽም፣ ሁለት መቀመጫ፣ አንድ ሞተር፣ ደረቴ ጋ ሊደርሱ ትንሽ የቀራቸው አራት ጎማዎች። አስፋልት ላይ ለመሮጥ የተሠራች አይደለችም። ሥራዋ የቤት ያህል የገዘፈ ቋጥኝ ላይ እንደ ጦጣ መንጠልጠል ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ይህ ስፖርት ትልቅም ትንሽም ይወደዋል፤ ብዙዎቹም ባጊያቸውን በገዛ ጋራዣቸው ራሳቸው ይሠራሉ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ቀለሟ ላይ ነበር። ከዚያ ሞተሯ ላይ። "ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?" አልኩት። ወንድሜ ሳቀ። "አንቺም እንደ ሁሉም ሰው" አለኝ፤ "ነገሩ ያለው እዚህ ነው" ብሎ ጎንበስ አለና ከሥሯ ያሉ አራት ዘንጎችን አሳየኝ። ሦስቱ አሮጌ ነበሩ። አራተኛው ቦታ ባዶ ነበር።

በዚያ ቤት ስለ ባጊዋ የሚያወሩት ወንድሜና የ16 ዓመት ልጁ ብቻ ነበሩ። ባለቤቱ ስሟን አታነሳም። እራት ላይ ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል ሳህን አንሥታ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። ለምን እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ባዶው ቦታ

ኅዳር ላይ አባትና ልጅ በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ወደሚገኘው ጆንሰን ቫሊ ሄደው ነበር። ከላስ ቬጋስ ከሦስት ሰዓት በላይ ያስነዳል። አንድ ዳገታማ የቋጥኝ መንገድ ሲወጡ ወንድሜ ነዳጅ ጨመረ፤ ኋላ በግራ በኩል "ቋ" የሚል ድምፅ ተሰማ። የታችኛው ዘንግ ጫፍ ተበጠሰ። ዘንጉ ሲለቀው የኋላ አክስሉ በግራ በኩል ወደፊት ተወረወረ፤ ጎማው ከሻንሲው ጋር ተላተመ፤ ባጊዋ ፊቷን አዙራ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሁለት ሜትር ያህል እንደሄደች አንድ ቋጥኝ አስቆማት። ቋጥኙ ባይኖር ከበስተኋላቸው ገደል ነበር።

ልጁ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ሄልሜቱን አድርጎ ስለነበር የራስ ምታት ብቻ ይዞት ተመለሰ። እናቱ ግን ሄልሜቱ ላይ ያለውን ጭረት አየች። "ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለችኝ" አለኝ ወንድሜ። "'ለምን እንደተበጠሰ ሳታስረዳኝ ልጄ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም' አለችኝ።"

ወንድሜ መልሱን ሲፈልግ ሁለት ወር ፈጀ። እኔ የደረስኩት መልሱ ሊገኝ ሲል ነው። ሦስት ሳምንት እዚያ ስቆይ፣ ስለ መኪና ምንም የማላውቀው ሴት ከዚያ ጋራዥ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ባጊ ላይኖራችሁ ይችላል። ልጆቻችሁን ጭኖ የሚሄድ መኪና ግን ይኖራችኋል።

አክስሉን ማን ይዞታል?

አገራችን የምናውቃቸው ብዙ የጭነት መኪኖችና ፒክአፖች የኋላ አክስላቸው በባሌስትራ ነው የታሰረው። ባሌስትራ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ክብደት ይሸከማል፣ አክስሉንም ከቦታው እንዳይሄድ ይይዛል። የቋጥኝ ባጊ ላይ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ተለያይተዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላና ሾክ አብዞርበር ነው። አክስሉን የሚይዙት ደግሞ ሊንክ የሚባሉት ዘንጎች ናቸው። በዚህ ምክንያት አንዱ ጎማ ወገብ ድረስ ወደ ላይ ሲነሣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አራቱም መሬት ሳይለቁ።

የወንድሜ ባጊ ከኋላ አራት ዘንግ አላት። ሁለቱ የታችኞች ከሻንሲው እስከ አክስሉ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ሁለቱ የላይኞች ሻንሲው ላይ ተራርቀው ይጀምሩና አክስሉ መሃል ሲደርሱ እንደ ጎጆ ወጋግራ ይሰበሰባሉ። ይህ መሰብሰብ ለውበት አይደለም፤ አክስሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው እሱ ነው። በሠሪዎቹ ዘንድ የተለመደው የልምድ ሕግ በዘንጎቹ መካከል ያለው ማዕዘን በድምሩ ቢያንስ 40 ዲግሪ ይሁን ይላል። ከዚያ ካነሰ አክስሉ ወደ ጎን ሲገፋ የላይኞቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል እጅግ ይበዛል።

ከፊት ግን መሪ አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሦስት ዘንግና አንድ አግድም ዘንግ ይደረጋል። አግድሙ ዘንግ ከመሪው ዘንግ ጋር በርዝመትም በዘንበሉም መመሳሰል አለበት። ካልተመሳሰለ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች በተንቀሳቀሰ ቁጥር መሪው ሳይነካ ለብቻው ይዞራል።

አራት ዘንግ ከኋላ፣ አራት ከፊት። እያንዳንዱ ሁለት ጫፍ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ብሎን። በድምሩ አሥራ ስድስት ብሎን። ሁለት ቶን የሚጠጋ ብረት፣ አንድ አባትና አንድ ልጅ በእነዚህ ብሎኖች ተይዘው ዳገት ይወጣሉ።

በኩንታል ሲሰላ

ወንድሜን በሥራው የሚረዱት ጎረቤቱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብየዳ የኖሩ ጡረተኛ አሜሪካዊ። ሽማግሌው የተበጠሰውን ጫፍ በመዳፋቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ ወደ አክስሉ ሄዱና በሜትር አንድ ነገር ለኩ። በላይኛውና በታችኛው ዘንግ መካከል ያለው ርቀት 5 ኢንች ነበር፤ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ባጊዋን ጀምሮ የሸጠለት ሰው ለነዳጅ ታንከር ቦታ ለማግኘት ብሎ የላይኛውን ዘንግ ዝቅ አድርጎ በይዶት ኖሯል።

"በሽታው ይኸው" አሉ።

እኔ አልገባኝም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ ዝቅ አለ ምን ለውጥ ያመጣል? ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የባጊ ሠሪዎች በነጻ የሚቀባበሉት የኤክሴል ሰንጠረዥ አለ፤ የዘንጎቹን ልኬት ሲያስገቡለት ኃይሉን ያሰላል። ኤክሴል ሲነሣ ጆሮዬ ቆመ፤ ቢዝነስ ተምሬ የወጣሁት በእሱ ነዋ! ወንበሩን አስለቅቄው ተቀመጥኩ።

ሒሳቡን በቀላሉ እንዲህ ልበለው። የባጊዋ ጎማ ቁመት 40 ኢንች ነው፤ አንድ ሜትር ያህል። የታችኛው ዘንግ አክስሉ መሃል ከፍታ ላይ፣ ማለትም ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ ታስሯል እንበል። ጎማው መሬቱን በአንድ ኩንታል ኃይል ሲገፋ አክስሉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። ይህን መዞር የሚከለክሉት የላይኛውና የታችኛው ዘንግ ናቸው፤ አንዱ እየተሳበ፣ ሌላው እየተጨመቀ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላይኞቹ ሁለት በጋራ ሁለት ኩንታል ይሳባሉ፣ የታችኞቹ ሁለት በጋራ ሦስት ኩንታል ይጨመቃሉ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስና 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲሆንስ? የላይኞቹ አራት፣ የታችኞቹ አምስት ኩንታል ይሸከማሉ።

ያው ሞተር፣ ያው ዳገት፣ ያው አነዳድ። ጭነቱ ግን በአሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት ከሦስት ወደ አምስት ዘለለ። ለዚህ ነው ሠሪዎቹ አክስሉ ላይ ያለው ርቀት ቢያንስ የጎማው ቁመት ሩብ ይሁን የሚሉት። ለ40 ኢንች ጎማ 10 ኢንች ማለት ነው።

የዘንጎቹ ዘንበልም የራሱ ጣጣ አለው። ከጎን ስታዩአቸው የላይኛውና የታችኛው ዘንግ መስመር ወደፊት ቢቀጥል አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ይህ ነጥብ ነዳጅ ሲሰጥ የመኪናው ኋላ ቁጭ ይበል ወይስ ይነሣ የሚለውን ይወስናል። ሠሪዎቹ ይህን በመቶኛ ይለኩታል። መቶ ሲሆን ኋላው ቁጭም አይልም፣ አይነሣምም። ከመቶ በጣም ሲያልፍ ዳገት ላይ ኋላው እየተነሣ ጎማው ድንጋዩን ይዞ በመግፋት ፈንታ እየዘለለ ይደበድበዋል። እያንዳንዱ ዝላይ ለዘንጎቹ የመዶሻ ምት ነው። የድሮው የባጊዋ አሠራር ስናስገባው ከመቶ እጅግ የራቀ ቁጥር አወጣ። "ዳገት ላይ ስትንቀጠቀጥ ጉልበቷ መስሎኝ እኮራባት ነበር" አለ ወንድሜ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ብረት ወይስ አሉሚኒየም?

በሁለተኛው ሳምንት ክርክሩ አዲሶቹ ዘንጎች ከምን ይሠሩ የሚለው ሆነ። ልጁ አሉሚኒየም አለ፤ አባት ብረት።

የተለመደው የብረት ዘንግ ውፍረቱ 2 ኢንች፣ ግድግዳው ሩብ ኢንች የሆነ ቱቦ ነው። በቀላሉ ይበየዳል፣ በሁሉም ቦታ ይገኛል፣ ሲጎዳም ይታያል። ቋጥኝ ላይ በኃይል ሲያርፍ ግን ይታጠፋል፤ እንደታጠፈም ይቀራል። የታጠፈ ዘንግ ደግሞ አጠረ ማለት ነው። አክስሉ ይጣመማል፣ የመጨመቅ ኃይል ሲመጣም ይበልጥ ይታጠፋል።

7075 የሚባለው አሉሚኒየም በአውሮፕላን አካል ውስጥ የሚሠራበት ነው። ድፍን የሆነ 2 ኢንች ዘንግ ከዚያኛው የብረት ቱቦ በመጠኑ ይቀልላል። በተመሳሳይ ጭነት የብረቱን ሁለት እጥፍ ያህል ይለመጣል፤ ነገር ግን እንደ ቀርከሃ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ቋጥኝ ላይ በየጊዜው ለሚጋጩት ለታችኞቹ ዘንጎች ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሌላው ፊት ደግሞ አለ። ይህ አሉሚኒየም አይበየድም፤ ጫፉ የሚታሰርበት ጥርስ እዚያው ዘንጉ ውስጥ ይቀረጻል። ብዙ ጊዜ ከተለመጠ በኋላም ውስጥ ውስጡን ሊደክም ይችላል፤ ሲሰበር እንደ ብረት ቀድሞ ታጥፎ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ጥልቅ ጭረት ያለበት ዘንግ "ገና አዲስ ነው" ተብሎ አይታለፍም፤ ይቀየራል።

ርዝመትም ይቆጠራል። ተጨማቂ ዘንግ በእጥፍ ሲረዝም ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ረጅም ዘንግ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል፤ ካልወፈረ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ፍርዱን የሰጡት ሽማግሌው ናቸው። ድንጋይ የሚቀምሱት የታችኞቹ አሉሚኒየም ይሁኑ፣ ከድንጋይ የራቁት የላይኞቹ ብረት። አባትም ልጅም በግማሽ አሸነፉ።

ርካሹ ጫፍ

አሁን ወደ ተበጠሰው ጫፍ ልመለስ። በዘንጉ ጫፍ ላይ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር የብረት ኳስ አለ፤ የመሪ ቴስቲኒ አይታችሁ ከሆነ የእሱ ዘመድ ነው። ኳሱን የያዘው ቤት ባለጥርስ እግር አለው፤ እግሩ ወደ ዘንጉ ይጠመዘዝና በዳዶ ይቆለፋል።

ወንድሜ የድሮውን ጫፍ የገዛው ከኢንተርኔት በርካሽ ነበር። የእግሩ ውፍረት ሦስት አራተኛ ኢንች ብቻ። ዘንጉ ትንሽ ስላጠረበት ደግሞ ለማስረዘም ብሎ እግሩን ወደ ውጭ ብዙ ፈታው። ትክክለኛው ደንብ ዘንጉ ውስጥ የሚገባው ጥርስ ቢያንስ የውፍረቱ አንድ እጥፍ ተኩል ይሁን ይላል። የእሱ ግማሹን እንኳ አልሞላም። በዚያ ላይ መቆለፊያ ዳዶው ላልቶ ነበር። የላላ ዳዶ ማለት እግሩ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ ይነቃነቃል ማለት ነው፤ ጥርሱ ሥር ስንጥቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁ ቀን እየጠበቀ ያድጋል።

አዲሶቹ እግራቸው አንድ ኢንች ከሩብ ነው። ከአንድ ዓይነት ብረት ቢሠሩ እንኳ የመታጠፍ አቅማቸው ከድሮዎቹ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዋጋቸውም እንደዚያው። ወንድሜ ሒሳቡን ሲያይ ፊቱን አኮሳተረ። እኔ በሥራዬ ደንበኛ ለሚያየው ነገር ብቻ በጀት ሲመደብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ባጊዋ ላይም ያው ነበር፤ ለቀለሙ ያወጣው ለአራቱ ዘንጎች ካወጣው ይበልጥ ነበር። ማንም ሰው ብሎን ፎቶ አያነሣም።

ብሎኖቹም ተቀየሩ። ሁለቱ ብሎኖች በአንድ በኩል ብቻ ነበር የተያዙት፤ ልብስ እንደሚሰቀልበት ሚስማር። እንዲህ የተያዘ ብሎን ይቆረጣል ብቻ ሳይሆን ይታጠፋል። ሽማግሌው ዘንጉ በሁለት ወፍራም ላሜራዎች መካከል እንዲገባ አድርገው መቀመጫውን እንደገና በየዱት። በሁለት ወገን የተያዘ ብሎን ኃይሉን ለሁለት ይከፍላል። ጥርሱም ላሜራው ውስጥ እንዳይቀመጥ ለስላሳው የብሎን ክፍል የሚደርስ ርዝመት ተመረጠ፤ ምክንያቱም ጥርስ ያለበት ቦታ የብሎን ደካማ ጎን ነው። በመጨረሻም ሁሉም በቶርክ ቁልፍ በልኩ ጠበቀ። የላላ ብሎን ቀዳዳውን እየበላ ክቡን ሞላላ ያደርገዋል፤ ቀዳዳው አንዴ ከሞላለለ ቁልፍ አይመልሰውም።

ቤተሰብ የሚወጣበት በረሃ

ጆንሰን ቫሊ በየዓመቱ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ከተማ ይሆናል። ኪንግ ኦፍ ዘ ሐመርስ የሚባለው ውድድር የሚካሄደው እዚያ ነው። ዴቭ ኮልና ጄፍ ኖል የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በጥቂት ጓደኞቻቸው ጀመሩት። ዛሬ ደረቁ ሐይቅ ላይ "ሐመርታውን" የሚባል የድንኳንና የተጎታች ቤቶች ከተማ ይቆረቆራል። ውድድሩን ልዩ የሚያደርገው አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ፈተና መውደቅ ወይም ማለፍ ስላለበት ነው፤ ሜዳው ላይ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል፣ ቋጥኙ ላይ በሰው እርምጃ ይድሃል። ለፍጥነቱ የሚመች የዘንግ አቀማመጥ ለቋጥኙ አይመችም። ሁሉም ሠሪ መሃል ቤት ይፈልጋል።

ይህን ውድድር ሦስት ጊዜ ካሸነፉት አንዱ የአሪዞናው ሻነን ካምቤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2011ና በ2017። ሴት ልጁ ቤይሊና ወንድ ልጁ ዌይላንድም እዚያው በረሃ የሚወዳደሩ ናቸው። አባት፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ በአንድ ስፖርት። ነገሩ ከጥንትም የቤተሰብ ነው። በካሊፎርኒያ ሩቢኮን መንገድ ላይ የጂፕ ጉዞ በቡድን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ በዩታ ግዛት ሞአብ የሚካሄደው የፋሲካ የጂፕ ጉዞም ከ1967 ጀምሮ አለ። የእኛ ሰው ፋሲካን በዶሮ ወጥ ሲያከብር እነሱ ቋጥኝ ላይ ይወጣሉ!

ሰዎቹ ደፋር ይመስላሉ። ጠጋ ብዬ ሳያቸው ግን ማታ ማታ በባትሪ መብራት መኪናቸው ሥር ገብተው ብሎን የሚቆጥሩ ጠንቃቆች ናቸው።

"መጀመሪያ እኔ"

ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ ባጊዋ ተጠናቀቀች። ወንድሜ ባለቤቱን ጋራዡ ድረስ ጠራት። አልመጣችም። እኔ ሄድኩና "እህቴ፣ ነይና ጠይቂው፤ አሁን መልስ አለው" አልኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

ወንድሜ እንደ ፈተና ተማሪ ቆሞ ሁሉንም አስረዳት። የድሮውን የተበጠሰ ጫፍ እጇ ላይ አስቀመጠላት። አምስቱን ኩንታልና ሦስቱን ኩንታል ነገራት። "ጥፋቱ የመንገዱ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ርካሽ ገዛሁ፣ አላጠበቅኩም፣ አላየሁም" አላት። ዝም ብላ አዳመጠችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ "እሺ፣ ነገ ቢላላ በምን አውቃለሁ?"

ሽማግሌው ከኪሳቸው ነጭ የቀለም እስክሪብቶ አወጡ። በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ጀምረው ላሜራው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ማየት ብቻ። እስክሪብቶውን ተቀበለቻቸውና የቀሩትን ራሷ አሰመረች። አሥራ ስድስት።

ቅዳሜ ጆንሰን ቫሊ ስንደርስ ልጁ ሄልሜቱን ለማጥለቅ ሲቸኩል እናቱ ነጠቀችው። "መጀመሪያ እኔ" አለች። የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጥራ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ቀበቶዋን ሳበች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ባጊዋ ያንኑ ዳገት ጀመረች። አልዘለለችም፣ አልተንቀጠቀጠችም። አንዱ ጎማ እየወጣ ሌላው እየገባ፣ እንደ አጋዘን አውራ ጫፉ ላይ ደረሰች። ሲወርዱ ፊቷ በአቧራ ተሸፍኖ ነበር።

ሄልሜቱን አወለቀች፤ ለልጇ ግን አልሰጠችውም። ባትሪ ተቀብላ መሬት ላይ ተንበረከከች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እያለች ቆጠረች። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። "ይሄኛው ተዛንፏል" አለች። ወንድሜ ሄዶ አየ። የፀጉር ያህል ነው፤ እሱ አላየውም ነበር። ቁልፉን አምጥቶ አጠበቀው፤ እሷ የድሮውን መስመር ጠርጋ አዲስ አሰመረች። ያኔ ነው ሄልሜቱን ለልጁ ያቀበለችው።

ከእናንተ መኪና ሥር

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ጋራዥ መሄድ ነበር። ኮብልስቶን ላይ "ኳ ኳ" የምትለዋን ቪትዜን ወራት ሙሉ ሙዚቃ ከፍ እያደረግኩ አስታምሜአታለሁ፤ የአምስት ዓመት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ። የፊት ብራቾዋ ጎሚኒ ተበልቶ አልቆ ነበር።

የባጊ ዘንግ የሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የፕራዶና የላንድ ክሩዘር 80 የኋላ አክስል የተያዘው በአራት ዘንግና በአንድ አግድም ዘንግ ነው፤ ጫፎቻቸው ላይ ከብረት ኳስ ፈንታ ጎሚኒ አላቸው። ስለዚህ እነዚህን አትለፏቸው፦

- ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ስትቀይሩ ወይም ፍሬን ስትይዙ ከሥር "ኳ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የተበላ ጎሚኒ ወይም የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር አሳዩት።
- ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ወይም ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ፣ ጎማ ከመቀየራችሁ በፊት ዘንጎቹና ጎሚኒዎቹ ይታዩ።
- ጎሚኒ ሲቀየር ብሎኑ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። በክሪክ ተሰቅሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።
- ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ከሁለቱ ዕቃ ርካሹን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ቢበጠስ መኪናው ይቆማል ወይስ ይገለበጣል? ለመጀመሪያው መቆጠብ ይቻላል።
- የተጠገነው ብሎን ላይ መስመር ይሰመርላችሁ። ዋጋው የአንድ እስክሪብቶ ነው።

የመጨረሻውን ለመካኒኬ ስነግረው ሳቀብኝ። "እህቴ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?" አለኝ። ከአንዲት እናት አልኩት። ሳቁን ገታና ከመሳቢያው ነጭ ቀለም ፈልጎ አሰመረልኝ። ባለፈው እሑድ ልጄ አጠገቤ ተንበርክካ በስልኬ መብራት አብራ አየችው።

"ማሚ፣ መስመሩ አልተሰበረም" አለችኝ። ወደ አያቷ ቤት ሄድን።